የሠራተኛው ፊርማ በዓለም ንግድ ውል ላይ

በባንግላዲሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ፣ ሳቫር በተባለ ቦታ የነበረው ባለ ስምንት ፎቁ ራና ፕላዛ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 ግድግዳውና ምሰሶው ተሰነጠቀ። በታችኛው ክፍል የነበረው የባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኞቹን ወደየቤታቸው ላከ፤ ሱቆቹም ተዘጉ። በላይኞቹ ፎቆች የነበሩት አምስት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ግን በማግሥቱ ጠዋት ሠራተኞቻቸው ወደ ማሽናቸው እንዲመለሱ አዘዙ። ብዙዎቹ በር ላይ ቆመው ተከራከሩ፤ ደመወዛችሁ ይቀራል ሲባሉ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ሕንፃው ተደረመሰ። 1,134 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ቆሰሉ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

ከአምስቱ ፋብሪካዎች በአንዱም የሠራተኛ ማኅበር አልነበረም። በዚያ ጠዋት «አንገባም» ብሎ በጋራ የሚቆም፣ ለኃላፊው ማስፈራሪያ መልስ የሚሰጥ፣ እምቢ ያለችውን ሠራተኛ ከመባረር የሚጠብቅ አካል አልነበረም ማለት ነው። ሕንፃውን የጣለው ያለፈቃድ የተጨመረው ፎቅ፣ ደካማው ግንባታና ከላይ የተጫነው ከባድ ጄኔሬተር ነው። ሠራተኞቹን እየተሰነጠቀ ባለ ጣሪያ ሥር ያስገባቸው ግን የመደራደር አቅም ማጣት ነው። የሚሰፉት ልብስ ባለቤቶች በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ነበሩ። ዋጋውን የሚቆርጡት፣ የማስረከቢያውን ቀን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ለሕንፃው ግን ማንም በሕግ ተጠያቂ አያደርጋቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የዓለም የሠራተኛ ማኅበራት ንግዱን ፍትሐዊ ለማድረግ የሄዱበትን መንገድ ስመለከት አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። የአጋርነት መግለጫ፣ የድጋፍ ደብዳቤና የጋራ ጉባኤ ብቻቸውን የአንዲትን ሠራተኛ ኑሮ ሲለውጡ አላየሁም። ለውጥ የመጣው፣ ገንዘቡ በሚያልፍበት በር ላይ የሠራተኛ ማኅበር ፊርማ ያረፈበት አስገዳጅ ውል በተቀመጠበት ቦታ ነው። ይህ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። ሐዋሳ ላይ ፋብሪካ ከፍቶ የነበረው ዋነኛው የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች በባንግላዲሹ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዱ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ራና ፕላዛ ከመደርመሱ በፊት ነው። በዲሴምበር 2010 በዳካ አቅራቢያ፣ አሹሊያ ላይ፣ ለፒቪኤች ቶሚ ሂልፊገርና ለሌሎች ታዋቂ ስሞች የሚሰፋ ፋብሪካ ተቃጥሎ 29 ሰዎች ሞቱ። የባንግላዲሽ ማኅበራት፣ ዓለም አቀፍ የማኅበራት ፌዴሬሽኖችና የሠራተኛ መብት ተሟጋቾች አንድ ረቂቅ አዘጋጁ። ይዘቱ ገዢ ኩባንያዎች ከማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስገድድ የእሳት ደኅንነት ውል ይፈርሙ የሚል ነበር። በ2011 ዳካ ላይ በተደረገ ስብሰባ ትልልቆቹ ገዢዎች ወጪው ይበዛል ብለው ወደ ኋላ አሉ። ፒቪኤች በ2012 መጀመሪያ ፈረመ፤ የጀርመኑ ቺቦ በዚያው ዓመት ተከተለ። ውሉ ሥራ ላይ የሚውለው ግን አራት ኩባንያዎች ሲፈርሙ ነበር። ሁለት ብቻ ሆነው ሲጠበቅ፣ በኖቬምበር 2012 ታዝሪን የተባለው ፋብሪካ ተቃጥሎ ቢያንስ 112 ሠራተኞች አለቁ። አሁንም ሦስተኛ ፈራሚ አልመጣም። ራና ፕላዛ ከተደረመሰ በኋላ ግን በሳምንታት ውስጥ ከ40 በላይ ኩባንያዎች ፈረሙ፤ ውሎ አድሮ ቁጥራቸው ከ200 አለፈ።

ይህን ቅደም ተከተል ሳስብ እጅግ የሚከብደኝ ነገር አለ። ረቂቁ ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነበር።

በሜይ 2013 የተፈረመውና አኮርድ በሚል ስም የሚታወቀው ስምምነት ከዚያ ቀደም ከነበሩት የኩባንያ የሥነ ምግባር ደንቦች በምን ይለያል? በቀድሞው አሠራር ገዢው ኩባንያ ለራሱ ደንብ ያወጣል፣ ተቆጣጣሪ ይቀጥራል፣ ሪፖርቱንም በመሳቢያው ይቆልፋል። በሴፕቴምበር 2012 ካራቺ ላይ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች የሞቱበት አሊ ኢንተርፕራይዝስ ከእሳቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። በአኮርድ ግን ሁለቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኖች ኢንዱስትሪኦልና ዩኒ፣ ከባንግላዲሽ ማኅበራት ጋር ሆነው የውሉ ተዋዋይ ወገን ሆኑ። በአስተዳደር ኮሚቴው ውስጥ ማኅበራትና ኩባንያዎች እኩል ወንበር አገኙ፤ ሰብሳቢው ገለልተኛ ሆኖ ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መጣ። የምርመራ ሪፖርቶች ለሕዝብ ይፋ ሆኑ። ገዢው ለጥገናው የሚሆን ገንዘብ መገኘቱን የማረጋገጥ ግዴታ ገባ። ለማስተካከል እምቢ ያለ ፋብሪካ ከሁሉም ፈራሚዎች ትዕዛዝ ያጣል። ሠራተኛዋም አደጋ አለው ብላ ካመነች አልገባም የማለት መብት አገኘች።

መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ካስነሷቸው ነገሮች አንዱ በደረጃ መውጫዎች ላይ የነበረው ተጣጣፊ የብረት በር ነው። ሥራ አስኪያጆች ልብስ እንዳይሰረቅ፣ ሠራተኛም ከሰዓት በፊት እንዳይወጣ በቁልፍ ይዘጉት ነበር። ብዙ ሰው በእሳት የሞተው እዚያ በር ላይ ተደራርቦ ነው። ከ1,600 ገደማ ፋብሪካዎች ያ በር ተነቅሎ እሳት የሚቋቋምና ወደ ውጭ የሚከፈት በር ሲተካ፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሠራተኞች የሚሠሩበት ቦታ ተለወጠ። በመጀመሪያው ምርመራ ከተገኙት ጉድለቶች ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ተስተካክለዋል።

የውሉ ጥርስ የታየው ዘ ሄግ ላይ ነው። በ2016 ሁለቱ ፌዴሬሽኖች፣ አቅራቢ ፋብሪካዎቻቸው በጊዜው እንዲጠገኑ አላደረጉም ያሏቸውን ሁለት ኩባንያዎች በቋሚው የግልግል ዳኝነት ፍርድ ቤት ከሰሱ። ሁለቱም ጉዳዮች በስምምነት አለቁ። በጃንዋሪ 2018 ይፋ በሆነው ሁለተኛው ስምምነት ኩባንያው 2.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ አብዛኛው ገንዘብ ከ150 በላይ ፋብሪካዎችን ለመጠገን የሚውል ነበር። ገንዘቡ ለእንዲህ ዓይነት ኩባንያ ትልቅ አይደለም። ነገር ግን መንግሥታትና ባለሀብቶች እርስ በርስ ለመካሰስ የሚጠቀሙበት መድረክ ላይ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ከሳሽ ሆኖ ቆመ። ይህ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር።

ዎልማርትና ጋፕ አኮርድን አልፈረሙም። የራሳቸውን ኅብረት አቋቋሙ፤ ፋብሪካ መርምረዋል፣ ጥገናም አስደርገዋል። ማኅበራት ግን በዚያ ኅብረት ውስጥ ተዋዋይ አልነበሩም፤ ኅብረቱም ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራውን ዘግቶ ወጣ። አኮርድ በአንጻሩ በ2021 ዓለም አቀፍ ሆኖ ታደሰ፤ በ2023 ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በእሳት ወዳለቀባት ወደ ፓኪስታን ተሻገረ።

አኮርድን ከሚገባው በላይ ማወደስ ግን አልፈልግም። ውሉ በር፣ ምሰሶና የኤሌክትሪክ መስመር እንጂ ደመወዝ አልነካም። ገዢዎቹ ለአንድ ሸሚዝ የሚከፍሉትን ዋጋ የሚመለከት ጠንካራ ግዴታ የለውም። ራና ፕላዛ ሲደረመስ የባንግላዲሽ የልብስ ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 3,000 ታካ፣ 38 ዶላር ገደማ ነበር። በ2023 መጨረሻ ማኅበራት 23,000 ታካ ሲጠይቁ መንግሥት 12,500 ወሰነ፤ በዚያ ሰሞን በነበረው ተቃውሞ ሠራተኞች ተገደሉ። ደኅንነቱ የተጠበቀ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ለልጅ ወተት የማይበቃ ደመወዝ ይዞ መውጣት ፍትሐዊ ንግድ አይደለም። የሚቀጥለው ትግል በዋጋው ላይ መሆኑን የባንግላዲሽ ማኅበራት ራሳቸው ደጋግመው ይናገራሉ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥርጣሬ መነሳቱ ግድ ነው። የሠራተኛ መብትን ከንግድ ጋር ማያያዝ የሀብታም አገሮች ማኅበራት የራሳቸውን ሥራ ለመከላከል የዘረጉት ወጥመድ ነው የሚል ጥርጣሬ። በዲሴምበር 1996 ሲንጋፖር ላይ የተሰበሰቡት የዓለም ንግድ ድርጅት ሚኒስትሮች ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለሱት። በ1999 ሲያትል ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የሠራተኛ መብትን በማዕቀብ ጭምር ስለማስከበር ሲናገሩ የታዳጊ አገሮች ልዑካን ተቆጡ፤ ለስብሰባው መክሸፍ ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

ጥርጣሬው ከባዶ የመነጨ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሴናተር ቶም ሃርኪን በሕፃናት ጉልበት የተሠራ ዕቃ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ረቂቁ ገና ሳይጸድቅ የባንግላዲሽ ፋብሪካዎች ፈርተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን አባረሩ። ዩኒሴፍ እንደዘገበው ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወደ ድንጋይ መፍለጥና ወደ ሴተኛ አዳሪነት ገቡ። ማንም አስቀድሞ እነሱንም ሆነ እናቶቻቸውን አልጠየቀም። ከሩቅ የሚጣል ማዕቀብ፣ በቦታው ያለችው ሠራተኛ ድምፅ ከሌለበት፣ ልርዳው ያለውን ሰው ሊጥል ይችላል።

ይሁንና በሲንጋፖርም በሲያትልም «የደሃ አገሮችን ጥቅም» ወክለው የተናገሩት መንግሥታትና ላኪዎች ናቸው። የሠራተኞቹ ማኅበራት አቋም ከዚያ የተለየ ነበር፤ የደቡብ አፍሪካው ኮሳቱ ለምሳሌ የሠራተኛ መብት በንግድ ስምምነት ውስጥ እንዲገባ ይደግፍ ነበር። ርካሽ ጉልበት የአገር ጥቅም ነው የሚለው አነጋገር የማንን ጥቅም እንደሚደብቅ ለማወቅ የርካሹን ጉልበት ባለቤት መጠየቅ ይበቃል።

ማዕቀቡ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ከሜክሲኮ መማር ይቻላል። በጓናኽዋቶ ግዛት፣ ሲላኦ ላይ ያለው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ከ6,000 በላይ ሠራተኞች ፒክአፕ መኪና የሚገጣጥሙበት ነው። በሴፕቴምበር 2019 የአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር 40 ቀን የፈጀ አድማ ሲመታ፣ ኩባንያው የሲላኦ ሠራተኞች ምርት እንዲጨምሩ ፈለገ። ጥቂት የሲላኦ ሠራተኞች ትርፍ ሰዓት አንሠራም አሉ። «የእኛ ትርፍ ሰዓት የእነሱን አድማ ይሰብራል» የሚል ነበር አቋማቸው። በዚህም ከሥራ ተባረሩ። ከእነሱ ብዙ እጥፍ የሚከፈለው የሰሜኑ ሠራተኛ እንዳይሸነፍ ብለው የራሳቸውን እንጀራ አጡ። ስለ አጋርነት ሲወራ ደቡቡ ሁልጊዜ ተረጂ ሆኖ ይሳላል፤ ሲላኦ ላይ የመጀመሪያውን ዋጋ የከፈለው ደቡቡ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ የነበረው ማኅበር ከኩባንያው ጋር የተስማማ አሮጌ ማኅበር ነበር። በሜክሲኮ ለአሥርት ዓመታት የኅብረት ስምምነት ሠራተኛው ሳያየው ይፈረም ነበር። በ2019 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ግን እያንዳንዱ ስምምነት በሠራተኞች ሚስጥራዊ ድምፅ እንዲጸድቅ አዘዘ። በኤፕሪል 2021 ሲላኦ ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ የሜክሲኮ የሥራ ሚኒስቴር ተቆጣጣሪዎች በማኅበሩ ቢሮ ውስጥ የተበላሹ የድምፅ መስጫ ወረቀቶች አገኙ። ምርጫው ቆመ። በሜይ አሜሪካ በአዲሱ የሰሜን አሜሪካ የንግድ ስምምነት ውስጥ ያለውን ፈጣን ምላሽ የሚባል አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ አንቀሳቀሰች። በነሐሴ በተደገመው ምርጫ ሠራተኞች አሮጌውን ስምምነት ጣሉ። በፌብሩዋሪ 2022 ሲንቲያ የተባለው ነፃ ማኅበር 4,192 ድምፅ፣ ማለትም ከተሰጠው ድምፅ ከሦስት አራተኛ በላይ አገኘ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ 8.5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ያለበት የኅብረት ስምምነት ፈረመ። በእነዚያ ወራት የአሜሪካና የካናዳ ማኅበራት ከጎኑ ነበሩ።

የአሠራሩ ልዩ ነገር ቅጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የመደራጀት መብት በአንድ ፋብሪካ ከተጣሰ፣ ከቀረጥ ነፃ መብቱን የሚያጣው የዚያ ፋብሪካ ምርት ነው። አገሩ በሙሉ፣ ጎረቤት ፋብሪካ፣ ምንም ያላጠፋ ሠራተኛ አይቀጣም። አቤቱታውንም ማኅበራት ራሳቸው ያቀርባሉ። ጉድለትም አለው፤ አሜሪካ ውስጥ ባለ ፋብሪካ ላይ አቤቱታ ማቅረብ በጣም በጠበበ ሁኔታ ብቻ የሚቻል በመሆኑ በተግባር ወደ አንድ ወገን የሚያይ ሕግ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፣ የሜክሲኮ ማኅበራትም ሊያስተካክሉት የሚገባ ነው። ሆኖም በእኛ ላይ ከደረሰው ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60,000 ሠራተኞች ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ፒቪኤች ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ ያዞረው ከራና ፕላዛ በኋላ ምርቱን የሚያሠራበትን መንገድ እንደገና ሲያስብ ነው። ፓርኩ አዲስ ነበር፤ ሕንፃው ጠንካራ፣ ፍሳሹ የሚታከም፣ መውጫው ሰፊ። ባንግላዲሽ ላይ በሰው ሕይወት የተከፈለበት ትምህርት በሐዋሳ ሼዶች ላይ ይታያል። ከትምህርቱ ሁለተኛው ግማሽ፣ ማኅበር ተዋዋይ የሆነበት አስገዳጅ ውል ግን አብሮ አልመጣም።

የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሜይ 2019 ባወጡት ጥናት በፓርኩ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር፣ ይህም ከዓለም ዝቅተኛው መሆኑን ጽፈዋል። ባንግላዲሽ በዚያን ጊዜ 95 ዶላር ደርሳ ነበር። ሐዋሳ ላይ ለአንድ ጠባብ ክፍል ኪራይ ሦስት አራት ሆነው የሚያዋጡ ልጆች፣ ከኪራይና ከምግብ የተረፈ ነገር ለቤተሰብ ለመላክ ትርፍ ሰዓት ለምነው የሚሠሩ ኦፕሬተሮች የዚህ አኃዝ ትርጉም ናቸው። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ለቀው ወጡ። ባለሀብቶቹ «የኢንዱስትሪ ባህል የለም» እያሉ ያማርሩ ነበር። ለመኖር የማይበቃ ደመወዝን ትቶ መሄድ ግን የባህል ጉድለት አይመስለኝም፤ ማኅበር ያጣ ሠራተኛ የሚመታው የግል አድማ ነው።

ሕጋችን በወረቀት ደህና ነው። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ መነሻውን የሚቆጥረው ከዚያው ዓመት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋምን ይፈቅዳል፤ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምም ያዛል። አዋጁ ከጸደቀ ከአምስት ዓመት በላይ አልፎም ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ሳይወሰን ቆይቷል። በኢንዱስትሪ ፓርኮች ደግሞ ማኅበር ማደራጀት ለረጅም ጊዜ በሩ ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ ቆየ።

በዚህ መሐል ጦርነቱ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ከተፈጸመው ከፍተኛ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ጋር አያይዞ ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 (ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.) ጀምሮ፣ የአፍሪካ አገሮች ምርት ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ሕግ ተጠቃሚነት አስወጣ። ፒቪኤች ከዚያ በፊት በኖቬምበር ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በጦርነቱ የደረሰውን ግፍ ማንም ማቃለል የለበትም፤ እኔም አላቃልለውም። ግን ሥራዋን ያጣችው ልጅ ጦርነቱን አላወጀችም፣ አላዘዘችም፣ ስለ አጎዋም በየትኛውም መድረክ አልተጠየቀችም። የአጎዋ ሕግ ራሱ ተጠቃሚ አገሮች የመደራጀት መብትንና ተቀባይነት ያለው የዝቅተኛ ደመወዝ ሁኔታን እንዲያስከብሩ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ የደመወዝ ወለል ሳይኖራት ለሃያ ዓመታት ያህል ተጠቃሚ ሆና ቆይታለች። ሠራተኛዋ መብቷ ሲጓደል አጎዋ አልደረሰላትም፤ መንግሥታት ሲጋጩ ግን ቅጣቱ እሷ ላይ አረፈ። የሲላኦ ዓይነት አሠራር ቢኖር ኖሮ፣ የሚጠየቀው ጥፋተኛው አካል ይሆን ነበር።

አፍሪካ ውስጥ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። ሌሴቶ ማሴሩ ላይ፣ ለሊቫይስና ለሌሎች የአሜሪካ ስሞች ጂንስ በሚሰፉ ሦስት ፋብሪካዎች ውስጥ ሱፐርቫይዘሮች የሥራ ውል ለማደስ ከሴት ሠራተኞች ወሲብ ይጠይቁ እንደነበር አንድ ምርመራ አጋለጠ። በኦገስት 2019 የአገሪቱ ማኅበራትና የሴቶች ድርጅቶች ከአሠሪው ኒየን ህሲንግና ከገዢዎቹ ጋር አስገዳጅ ስምምነቶች ፈረሙ። አቤቱታ የሚያጣራ ገለልተኛ አካል ተቋቋመ፤ አሠሪው ውሳኔውን ካልፈጸመ ገዢዎቹ ትዕዛዝ ለመቀነስ ተስማሙ። ስምምነቱ 10,000 ያህል ሠራተኞችን የሚሸፍን ነበር። ሌሴቶ ከእኛ በብዙ እጥፍ ያነሰች፣ ከእኛ ይልቅ በአጎዋ ላይ የተንጠለጠለች አገር ናት። ትንሽነቷ ከመፈረም አላገዳትም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ወደብ የሌላት አገር አንባቢ ብዙም የማይሰማው ስለሆነ። ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን በ1948 ኦስሎ ላይ ከሕግ ለመሸሽ የባዕድ ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች ላይ ዘመቻ ጀመረ። ወደብ ሠራተኛው መርከቡን አላራግፍም ሲል መርከበኛው ደመወዙን የሚያገኝበት ትግል ነበር። ከዚያ በተነሳ ጉልበት ዛሬ ለብዙ ሺህ መርከቦች ደመወዝ በዓለም ደረጃ በድርድር ይወሰናል፤ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሥር የተወሰነው የአንድ ሙያተኛ መርከበኛ ዝቅተኛ መነሻ ደመወዝ በ2025 በወር 673 ዶላር ነበር። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ሠልጥነው በውጭ መርከቦች የሚቀጠሩ ወጣቶቻችን ዓለም የሚያውቀው የደመወዝ ወለል ባለበት ሙያ ይሠራሉ። በየብስ፣ በገዛ አገራቸው፣ ለውጭ ገበያ የሚሰፉት እህቶቻቸው ይህ የላቸውም።

አጋርነቱ ዛሬ ከባድ ፈተና ላይ ነው። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት በአገሮች ላይ የጣለው ቀረጥ የሠራተኛ መብትን ምንም አይጠይቅም ነበር። ሌሴቶ መጀመሪያ 50 በመቶ ታወጀባት፤ በኋላ ወደ 15 ወረደ። ባንግላዲሽ 37 ተባለች፤ በዚያው ዓመት ወደ 20 ወረደ። ፈራሚዋም ያልፈረመችውም እኩል ተመቱ። የአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ደግሞ በመኪና ላይ የተጣለውን ቀረጥ በአደባባይ ደገፈ። ለአሥርት ዓመታት ፋብሪካ ሲዘጋበት የኖረ ሠራተኛ ቁጣው ይገባኛል። ግን ትርፍ ሰዓት አንሠራም ብለው የተባረሩት የሲላኦ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ምላሽ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። የሰሜኑ ማኅበር ጠላቱ የሲላኦ ሠራተኛ ሳይሆን በሲላኦ የሚከፈለው ደመወዝ መሆኑን ከረሳ፣ የሠላሳ ዓመቱ ጥርጣሬ ትክክል ነበር ይባላል።

በአውሮፓም ነፋሱ ተለውጧል። ከ2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ የጀርመን የሠራተኛ ማኅበር በውጭ አገር የተጎዳ ሠራተኛን ወክሎ ፍርድ ቤት እንዲቆም ፈቅዷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ተመሳሳይ መመሪያ አጸደቀ፤ በ2025 ግን ተግባራዊነቱን አዘገየው፣ ይዘቱንም የማለዘብ ሥራ ጀመረ። በሮች ሲከፈቱ ካልተገባ መልሰው ይዘጋሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የደመወዝ ቦርዱ ሥራውን ጨርሶ ወለሉን ይወስን፤ ይህ ማንም የውጭ ኃይል እስኪያስገድደን የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም። ኢሠማኮና የኢንዱስትሪ ፌዴሬሽኖቹ፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ትዕዛዝ ከሚልኩ ገዢዎች ጋር የሌሴቶ ዓይነት ውል ለመፈረም ከኢንዱስትሪኦል ጋር በቀጥታ ይደራደሩ። አገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን በምታደርገው ድርድርም ሆነ ወደፊት ከአሜሪካ ጋር በሚኖር ማንኛውም የገበያ ስምምነት ውስጥ የሠራተኛው ወኪል ወንበር ይኑረው፤ ቅጣት ካለም በአጥፊው ፋብሪካ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ይጠየቅ። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች በሆቴል፣ በፓርኪንግና በሆስፒታል የምትሠሩ፣ የማኅበር አባል የሆናችሁ ኢትዮጵያውያን፣ በስብሰባችሁ ላይ ስለ ሐዋሳ አንሱ። ማኅበራችሁ በዋሽንግተን የሚደመጥ ድምፅ አለው፤ የሐዋሳዋ ልጅ የላትም።

በራሳችን አህጉርም የቤት ሥራ አለ። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስለ ዕቃ፣ ስለ አገልግሎት፣ ስለ ኢንቨስትመንት፣ ስለ አእምሯዊ ንብረት፣ ስለ ውድድር፣ ስለ ዲጂታል ንግድ፣ ስለ ሴቶችና ወጣቶች ፕሮቶኮሎች አሉት። ስለ ሠራተኛ መብት ራሱን የቻለ ፕሮቶኮል የለውም።